ሳልሰማው ያስቀመጥኩት ድምፅ

የፋይሉን መጠን ያየሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጁባ ቶንፒንግ ሰፈር ያለው ቢሯችን ለአየር ማረፊያው ቅርብ ስለነበር አውሮፕላን በወረደ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ በዚያች ሰዓትም አንድ እየወረደ ነበር። የጎረቤቴ የእማማ ድምፅ ያለበት ፋይል አርባ ደቂቃ ያህል መሆን ነበረበት። ስክሪኑ ላይ ግን የያዘው ቦታ ከአንድ ፎቶግራፍ አይበልጥም። ዓይኔን ጠረጠርኩ። ፍላሹን ሰካሁ፤ እዚያም ያው ነው። እጄ ቀዘቀዘ። በዚያ በጁባ ሙቀት እጅ የሚቀዘቅዘው በፍርሃት ብቻ ነው።

ቅዳሜ የእማማ ልጅ ይመጣል። የሚመጣው ይህን ድምፅ ሊሰማ ነው።

እማማ የምላቸው ጉዴሌ ሰፈር ውስጥ ከእኔ ቤት በአጥር ብቻ የሚለዩ ጎረቤቴ ነበሩ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሁለታችንም ኢትዮጵያ ውስጥ በስደት ኖረን፣ የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰላም ሲፈረም ወደ አገራችን የተመለስን ነን። እኔ በጨቅላነቴ ሄጄ እዚያው አደግኩ፤ እሳቸው ጎልምሰው ስለሄዱ አማርኛውን የተማሩት ገበያ ላይ ነው። ኑዌርኛችን እያለልን እርስ በርሳችን የምናወራው በአማርኛ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ሌላው ጎረቤት እንዳይሰማን ይሆናል፤ እማማ ሰው ማማት ይወዱ ነበር።

አንድ ልጅ ነበራቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት የተለወጠ ጊዜ የስደተኛ ካምፑ ሲበተን፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ በኩል ሮጠ፣ እናትየው በሌላ በኩል። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። ኬንያ ገብቷል ያለ ሰው ነበር፤ ወንዝ ወስዶታል ያለም ነበር። እማማ ሁለቱንም በትዕግሥት አዳምጠው "እሺ" ይሉና፣ በማግስቱ ያገኙትን መንገደኛ ሁሉ መጠየቃቸውን ይቀጥላሉ።

በፈረንጆቹ 2009 ዝናቡ ሲጀምር ታመሙ። ሐኪም ቤት ሄደው ሲመለሱ የተነገራቸውን አልነገሩኝም። አንድ ቀን ግን አጥሩን ይዘው ጠሩኝ።

"አንቺ፣ ያ ማሽንሽ ሰው ሲናገር ያስቀምጣል አሉ?"

"ያስቀምጣል፣ እማማ።"

"እንግዲያው እኔን አስቀምጪኝ። ልጄ የመጣ ቀን እኔ የለሁ ይሆናል።"

እንዲህ ያለ ነገር እንዳይናገሩ ተቆጣኋቸው፤ ደግሞም በልቤ ኮራሁ። በዚያን ጊዜ ጁባ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው እንደ ሐኪም ይፈለግ ነበር፤ እኔ ደግሞ መፈለግ እወዳለሁ።

ስለ ላፕቶፔ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ የሱ ሳይሆን የኔ ነውና። ላፕቶፑን ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁ ነው። ጁባ ስገባ ዓመቱም ሰዓቱም ተቀየረብኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን "ስብሰባው በስምንት ሰዓት ነው" ሲሉኝ ምሳዬን በልቼ፣ ተረጋግቼ መጣሁ፤ ለካ ስብሰባው ጠዋት ኖሯል፣ ሁሉም ተበትኖ ወንበሮቹ ብቻ ጠበቁኝ። ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ እንደነሱ ሆንኩ። የገዛ ላፕቶፔን ግን እምቢ አልኩ። ሰዓቱን በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ዓመቱን በኢትዮጵያ ዓመት ሞላሁት። ወሮቹንም ላስተካክል ብዬ ነበር፤ ጳጉሜን የማስገባበት ቦታ ሳጣ ተውኩት። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ 2009 ሲል የእኔ ላፕቶፕ 2001 ላይ ነበር። ላየው ሁሉ "ስምንት ዓመት ወጣት ያደርጋል" እያልኩ እቀልድ ነበር።

ፋይል በመጠበቅ በኩል ግን ሰነፍ አልነበርኩም። ጀነሬተር ሲንተፋተፍ የቢሯችንን ኮምፒውተር ከነዓመት ሥራው ሲያቃጥለው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከአንድ ቦታ በላይ ያላስቀመጥኩት ነገር እንቅልፍ አይሰጠኝም። ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ ሐጂ የምላቸው ኢትዮጵያዊ ነጋዴ አሉ፤ ከባትሪ ድንጋይ እስከ ፍላሽ ይሸጣሉ፣ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ላፕቶፕ ይጠግናሉ። እሳቸው አንድ ፕሮግራም ጫኑልኝ። ፍላሹን ስሰካ ፕሮግራሙ ፍላሹንና ላፕቶፑን ያስተያያል። በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ስም ያለው ፋይል ካገኘ በቀኑ አዲስ የሆነውን ያስቀርና አሮጌውን በሱ ይተካዋል። ሲጨርስ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል። ያን አረንጓዴ ምልክት እንደ ጸሎት አምነው ነበር።

እማማን ለመቅዳት መጀመሪያ የሄድኩት የቢሮውን ላፕቶፕ ተውሼ ነው፤ ማይክራፎኑ ከእኔው ይሻላል ብዬ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳንሞክር ባትሪው ሊያልቅ ነው ብሎ አስጠነቀቀኝ። ጉዴሌ ውስጥ መብራት የለም፤ የሙከራውን ቅጂ "እማማ" ብዬ ፍላሹ ላይ አስቀመጥኩና ለነገ ተቀጣጠርን። በማግስቱ የራሴን ላፕቶፕ ቢሮ ሞልቼው መጣሁ።

እማማ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ቀሚስ ለብሰው ጠበቁኝ። "ድምፅ ብቻ ነው፣ ልብስ አይታይም" ብላቸው "ልጄ ያውቃል" አሉኝ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀምጬ መቅዳቱን ከጀመርኩ በኋላ አጠገባቸው ልቀመጥ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"አንቺ ውጪ። ይሄ የእናትና የልጅ ነው።"

"ቢቋረጥስ፣ እማማ?"

"አይቋረጥም። ደግሞ ስጨርስም እንዳትሰሚው። መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ቃል ግቢልኝ።"

ቃል ገባሁ። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። በኑዌርኛ የሚያጉተመትም ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም፤ ሊለይ ሲቃረብም ወንበሬን አራቅኩ። ያደግነው እንደዚያ ነው፤ እናት ለልጇ የምትተወውን ቃል ሦስተኛ ሰው ከሰማው ቃሉ ይቀልላል ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ሲስቁ ሰማኋቸው። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይተው "ኸላስ!" ብለው ጮኹ፤ ጨርሻለሁ ማለታቸው ነው። ስገባ ፊታቸው ላብ አውጥቶ፣ ዓይናቸው ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀልሎ ነበር።

ፋይሉን ላፕቶፔ ላይ አስቀመጥኩት። ስሙንም "እማማ" አልኩት። ሌላ ስም ማውጣት ምን ይከብደኝ ነበር? ቤቴ ገብቼ ፍላሹን ሰካሁ፣ አረንጓዴው ምልክት መጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ዘጋሁት። ስድስት ሳምንት ቆይተው እማማ ሞቱ። ፋይሉን አልከፈትኩትም፤ ቃል ገብቻለሁና።

ድምፁ በተቀዳ በአምስት ወሩ ልጁ ተገኘ። ኬንያ ውስጥ ነበር፤ አድጎ፣ ተምሮ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኖ። በሰው በሰው ስልኩ መጣልኝና ደወልኩ። የእናቱን ሞት ያረዳሁት እኔ ነኝ። ወዲያው የሚያጽናናውን ነገር ፈለግኩ።

"እናትህ ድምፃቸውን ትተውልሃል" አልኩት። "ለአንተ ብቻ የተናገሩት ነው። ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፣ ምንም አይሆንም።"

ያን ጊዜ አለቀሰ። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ለሱ ሲዲ ላይ ልገለብጥለት ብዬ ነው መጠኑን ያየሁት። ቃሌን አፍርሼ ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ስሰማ ዘጋሁት፤ የሙከራው ቅጂ ነበር። የሁለተኛው ቀን ቅጂ የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ይህንን አልፈራሁም ነበር፣ የምፈራው እሳትና ሌባ ነበር።

ለአለቃዬ አመመኝ አልኩ፤ አልዋሸሁም። ቦዳቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዤ ሃይ ማላካል ሄድኩ። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ፤ ሞተሩ በነጠረ ቁጥር የቀረውም የሚፈስ እየመሰለኝ ነጂውን "ቀስ በል!" እያልኩ እጮህበት ነበር።

"ሐጂ፣ ፋይል ጠፋብኝ" አልኳቸው ሱቁ በር ላይ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

"ወአለይኩም ሰላም" አሉኝ እየሳቁ። ፊቴን ሲያዩት ሳቁን ተዉት።

ላፕቶፑን ከፍተው ትንሽ ጎረጎሩ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ሰዓቱ ዘንድ አቆሙት።

"ይሄን ማነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ።"

ሰዓቱን ደጋግመው አዩት። "ምነው ሐጂ፣ ይናገሩ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባቸው፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ላይ።

"እኔ በሦስት ዘመን ነው የምኖረው" አሉ ቀስ ብለው። "ለጾሜ የሂጅራው አለኝ፣ ለአገሬ የኢትዮጵያው፣ ለጉምሩክ የፈረንጁ። ኮምፒውተሩን ግን በአንዱ ብቻ ነው የማሳድረው። እሱ የነገሩትን ያምናል።"

ከዚያ አስረዱኝ። የሙከራው ቅጂ የተሠራው በቢሮው ላፕቶፕ ስለነበር ቀኑ 2009 ነው። በማግስቱ በእኔ ላፕቶፕ የተቀዳው የእማማ ቃል ደግሞ ቀኑ 2001። ፍላሹን ስሰካ ፕሮግራሙ ሁለት "እማማ" አገኘ። የትናንቱ የስምንት ዓመት አዲስ መሰለው፣ የዛሬው የስምንት ዓመት አሮጌ። የታዘዘውን አደረገ፤ በአርባው ደቂቃ ላይ ሙከራውን ደረበበት። ሁለት ቦታ አለኝ ብዬ አምስት ወር የተመካሁበት አንድ ስህተት በሁለት ቦታ ነበር።

"ከፍተሽ አላየሽውም?" አሉኝ።

"ቃል ገብቼ ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "መጠኑንስ? መጠኑን ማየት እኮ መስማት አይደለም።"

ላፕቶፑን ወደሳቸው ገፋሁት።

ሐጂ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አላቸው። "አምስት ወር ሙሉ ስትጽፊበት ከርመሻል፤ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ተቀምጦበት ይሆናል። ግን እንሞክር፣ አብሽሪ" አሉኝ። ረቡዕም ሐሙስም ከሥራ በቀጥታ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ። ፕሮግራሙ እየቆፈረ የሚያወጣውን አብረን እናያለን። ከሦስት ዓመት በፊት የሰረዝኩት የሥራ ማመልከቻ ወጣ። የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ወጣ፤ ከእኔ በፊት የላፕቶፑ ባለቤት የነበረው ሰው ይሆናል፣ ኬክ ሲቆርስ፣ ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ። የእኔ የማይረባ ነገር ሁሉ ከሞት ተነሣ፤ የእማማ ድምፅ ግን አልተነሣም። የድምፅ ፋይል በታየ ቁጥር ሐጂ ይከፍቱታል፣ ዘፈን ይሆናል። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ማፊ" አሉ። የለም ማለት ነው።

አርብ ቀን ሥራ አልሠራሁም። አውሮፕላን በወረደ ቁጥር ልጁ ከቀኑ ቀድሞ የመጣ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ምን እንደሚለኝ በሐሳቤ እሰማዋለሁ፤ አንዳንዴ ይጮህብኛል፣ አንዳንዴ ምንም አይልም፣ የኋለኛው ይብስብኝ ነበር። ጁባ ደግሞ ለውሸት የተመቸች ከተማ ነበረች። ሌባ ገባብኝ ብል ማን ይጠረጥራል? ጀነሬተር አቃጠለው ብል ማን ይገረማል? እንዲያውም ሐጂ ዘንድ ተመልሼ "ለጥገና አምጥታው የእኔ ጀነሬተር አቃጠለባት ይበሉልኝ" አልኳቸው። እንደዚህ እስክል ድረስ ፈርቼ ነበር።

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሳቁብኝ።

"ጀነሬተሬ ምን አደረገሽ? እሱ ንጹሕ ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ያለውን ስጪው። የሌለውን ንገሪው። ሌላ መንገድ ካለ እኔ አላውቀውም" አሉኝ። አልወደድኩላቸውም። ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘንቦ ስለነበር የጉዴሌ መንገድ ጭቃ ሆኖ ነበር። ላፕቶፑን ይዤ አጥሩን ዞሬ እማማ ግቢ ስገባ፣ በራቸው ላይ አንድ ረጅም ሰው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጫማውን ከጭቃው ጠርጎ ከጎኑ አስቀምጦታል። ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ሸርተት የሚያደርጋት ነገር የእናቱ ናት፣ ቁርጥ። ጭኑ ላይ አንድ ካርቶን ነበር። ለዚህ ብሎ የገዛው የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ገና አልተከፈተም።

"የእናቴን ድምፅ የያዝሽልኝ አንቺ ነሽ" አለኝ በኑዌርኛ ተነሥቶ። ሁለት እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ።

ቆሜ ነገርኩት። ከቆየሁ እንደምዋሽ አውቄዋለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን፣ አረንጓዴውን ምልክት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ስናገር መሬት መሬቱን ነበር የማየው። ስጨርስ እጄን ለቀቀው። ሊመታኝ ነው አልኩ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አልመታኝም። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ካርቶኑን አገላበጠው።

"ምን እንዳለች ማን ሰማ?"

"ማንም። እኔን አስወጡኝ። አንድ ጊዜ ሲስቁ ብቻ ነው የሰማሁት።"

"ምን አስቋት?"

"አላውቅም።"

ይህችን ስል ነው ያለቀስኩት። እሱ አላለቀሰም። "ስንት ቀረ?" አለኝ።

"ሃያ ሦስት ሰከንድ። እሱም ሙከራ ነው፣ ለአንተ የተባለ ነገር የለበትም።"

"ድምፁ የሷ ነው?"

"የሳቸው ነው።"

ካርቶኑን ቀደደው።

ቤት ገብተን ላፕቶፑን እናቱ በተናገሩበት ቦታ፣ ያው በርጩማ ላይ አድርጌ ከፈትኩለት። እሱ በጆሮ ማዳመጫው ሲሰማ እኔ ፊቱን ብቻ ነበር የማየው። ሃያ ሦስት ሰከንድ ይህን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቆ ገመዱን ነቀለው፤ ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ።

"አማርኛ ነው፣ ረስቼዋለሁ" አለኝ። "ምን ትላለች?"

ያን ጊዜ እንደገና ፈራሁ፣ ከሁሉም ባሰ ፍርሃት። ያሻኝን ልለው እችል ነበር። ልጄ፣ እወድሃለሁ፣ መርቄሃለሁ ትላለች ብለው ማን ይቃወመኛል? እናቱ በርግጥ ብለውት ይሆናል፣ በአርባው ደቂቃ ውስጥ። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። ቅጂውን እንደገና ከፈትኩና ቃል በቃል ወደ ኑዌርኛ መለስኩለት።

"‘ልጀምር?’ ይላሉ። አንዲት ሴት ‘ገና ነው እማማ፣ ትንሽ ይጠብቁ’ ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ከዚያ ‘እሺ፣ መጠበቅ እንደሁ ለምጄዋለሁ’ ይላሉ። ያስላቸዋል። አለቀ።"

"ጠብቂ የምትላት ማናት?"

"እኔ ነኝ።"

ከንፈሩን ሸርተት አደረገ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ከሻንጣውም አንድ ፍላሽ አወጣ። "አንድ በስልኬ፣ አንድ በፍላሼ፣ አንድ ደግሞ በሲዲ ሆኖ ሐጂ ባልሽኝ ሰውዬ ዘንድ ይቀመጥ" አለኝ። የፋይሎቹን ስም ለየብቻ አድርጌ ገለበጥኩለት። ልሰጠው እጄን ስዘረጋ አልተቀበለኝም።

"ከፍተሽ አሰሚኝ" አለ። "ሁሉንም።"

አንድ በአንድ ከፈትኩለት። ሦስት ጊዜ እማማ "ልጀምር?" አሉኝ። ሦስት ጊዜም እዚያው ቤታቸው ውስጥ፣ ልጃቸው አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ገና ነው እማማ፣ ትንሽ ይጠብቁ አልኳቸው።